ዱላ የሚወረስበት ቤት

የዛሬው የሥነ ጽሑፍ ዝግጅታችን በአንድ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ላይ ያተኩራል፤ በኤሚሊ ብሮንቴ «ዋዘሪንግ ሃይትስ»። መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በዲሴምበር 1847 ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ስለ ሂዝክሊፍና ስለ ካትሪን፣ ሞት ስላልለያቸው ሁለት ፍቅረኞች፣ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። በፊልምና በዘፈን የተሰራጨው ይህ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን እኩሌታው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበ ሰው ከፍቅሩ ያላነሰ ጭካኔ ያገኛል። ጥፊ አለ፣ የተወረወረ ቢላዋ አለ፣ ጠለፋ አለ፣ በመሀረብ የተንጠለጠለ ውሻ አለ። ብዙ አንባቢ ይህን ሁሉ የፍቅሩ ብርታት ምስክር አድርጎ ያየዋል፤ «ምን ያህል ቢወዳት ነው እንዲህ የሆነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ኤሚሊ ብሮንቴ ዱላ ከየት እንደሚመጣ፣ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ፣ ማን እንደሚፈቅደውም አንድ በአንድ ተከታትላ የጻፈች ደራሲ ናት። ዛሬ ይህን ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ስለ ደራሲዋ ጥቂት ልበል። ኤሚሊ በጁላይ 30 ቀን 1818 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ተወለደች። አባቷ ፓትሪክ ብሮንቴ ከአየርላንድ የመጡ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። በ1820 ሃዎርዝ በምትባል ኮረብታማ መንደር ተመደቡና ቤተሰቡ እዚያው ኖረ። እናትየዋ በ1821 ሞተች። ሁለቱ ታላላቅ ሴት ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ታመው በ1825 ተከታትለው አረፉ። የቀሩት አራቱ፣ ሻርሎት፣ ብራንዌል፣ ኤሚሊና አን፣ ከቤታቸው ጀርባ በሚጀምረው ነፋሻ ሜዳ ላይ ሲዞሩ፣ በትናንሽ ደብተሮችም ታሪክ ሲፈጥሩ አደጉ። በ1846 ሦስቱ እኅትማማቾች የግጥም መድበል በብዕር ስም አሳተሙ፤ ኤሚሊ «ኤሊስ ቤል» ተባለች። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ቅጂ ብቻ ነበር። ልብ ወለዱም የወጣው በዚሁ የወንድ በሚመስል ስም ነው። ዓመት እንዳለፈው፣ በዲሴምበር 19 ቀን 1848፣ ኤሚሊ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመችም።

ዝምተኛ የቄስ ልጅ ይህን ሁሉ ጭካኔ ከየት አመጣችው? ብዙ ሰው ጠይቋል። መልሱን ለማግኘት በጣም መራቅ አያስፈልግም። መጽሐፉ በተጻፈበት ጊዜ ወንድሟ ብራንዌል በመጠጥና በኦፒየም እየተበላሸ በዚያው ጣሪያ ሥር ይኖር ነበር። ከዚያም በፊት ኤሚሊ በሃሊፋክስ ከተማ አቅራቢያ በሎው ሂል ትምህርት ቤት አስተምራለች። ቤቱን ያሠራው ጃክ ሻርፕ የሚባል ሰው ነበር። በዘመዱ ቤት በማደጎ ያደገው ይህ ሰው የአሳዳጊዎቹን ርስት በእጁ አስገብቶ ቤተሰቡን እንዳጎሳቆለ በአካባቢው ይወራ ነበር። ተመራማሪዎች የሂዝክሊፍን ታሪክ ከዚህ ጋር ያያይዙታል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መጽሐፉ ጎቲክ ከሚባለው የልብ ወለድ ዘርፍ ይመደባል። ዘርፉ በእንግሊዝ የተጀመረው ሆሬስ ዋልፖል በ1764 «የኦትራንቶ ግንብ»ን ሲያሳትም ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አን ራድክሊፍ «የኡዶልፎ ምስጢሮች»ን ጻፈች። እዚያ የሚያስፈራው ነገር ሁሉ ሩቅ ነው፤ የጣሊያን ተራራ፣ ያረጀ ግንብ፣ ወጣቷን ሴት ዘግቶ ርስቷን እንድትፈርምለት የሚያስገድዳት ጨካኝ ባላባት። ኤሚሊ ይህን ሁሉ ወስዳ በዮርክሻየር ኮረብታ ላይ በሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ አስገባችው። መናፍስቱ አሉ፣ መቃብር መክፈቱ አለ፣ የተቆለፈው በርም አለ። በሩ ግን የማንም ሰው ጓዳ በር ነው፤ ቁልፉን የያዘውም ባል፣ ወንድም፣ አባት ወይም አማት ነው። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አንባቢ መጽሐፉን ሲያጥፍ «ይህ የጣሊያን ነገር ነው» ብሎ ይተኛ ነበር።

ጭካኔው የአንድ ክፉ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን ኤሚሊ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንድ ነገር አድርጋለች። በ1801 ሎክውድ የሚባል የከተማ ጨዋ ሰው በአካባቢው ቤት ይከራይና በበረዶ ምክንያት አንድ ሌሊት በዚያ የገበሬ ቤት ያድራል። ሌሊት በመስኮቱ በኩል የአንዲት ሕፃን እጅ ይይዘዋል፤ አስገቡኝ ትላለች። ይህ የተማረ፣ ቁጡነት የማያውቅ ሰው ምን ያደርጋል? የሕፃኗን አንጓ በተሰበረው መስተዋት ላይ ወዲያና ወዲህ ይፈገፍጋል፣ ደሟ አልጋውን እስኪያርሰው ድረስ። ሕልም ይሁን መንፈስ መጽሐፉ አይቆርጥም። ነገር ግን ደሙን ያፈሰሰው እንግዳው መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን የሚሰማልን እሱ ነው፤ የምትነግረው ደግሞ የቤቱ አገልጋይ ኔሊ ዲን ናት።

ኔሊ ወደ ኋላ ሄዳ ከ1771 ትጀምራለች። በመከር መግቢያ ላይ ሽማግሌው አቶ ኤርንሾ ወደ ሊቨርፑል በእግራቸው ይሄዳሉ፤ መንገዱ ለመሄጃ ብቻ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለልጃቸው ለሂንድሊ ቫዮሊን፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ለካትሪን ደግሞ የፈረስ አለንጋ ሊያመጡ ቃል ገብተዋል። በሦስተኛው ሌሊት ሲመለሱ ከካፖርታቸው ሥር የወጣው ግን ከሊቨርፑል ጎዳና ያነሡት፣ የተቦጫጨቀ ልብስ የለበሰ፣ ንግግሩ የማይገባ ሕፃን ነበር። ቫዮሊኑ ተሰባብሯል፤ አለንጋው መንገድ ላይ ጠፍቷል። ሂንድሊ አለቀሰ። ካትሪን ሕፃኑ ላይ ተፋችበት፤ አባቷም ለዚህ መቷት። ኔሊ ራሷ፣ ያኔ ልጅ ነበረች፣ ሲነጋ ጠፍቶ ባገኘሁት ብላ ሕፃኑን ደረጃ ላይ አስተኛችው። የዚህ ታላቅ ፍቅር የመጀመሪያ ሌሊት ይህን ይመስላል።

ሊቨርፑል በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ዋና ዋና የባሪያ ንግድ ወደቦች አንዷ ነበረች። ኤሚሊ የልጁን ዘር አትነግረንም። አንዱ ጂፕሲ ይለዋል፣ ሌላው የእስያ መርከበኛ ልጅ ይለዋል፤ የመልኩ ጥቁረት ግን ተደጋግሞ ይነሣል። አንድሪያ አርኖልድ በ2011 ባወጣችው ፊልም ሂዝክሊፍን ጥቁር ተዋንያን እንዲጫወቱት ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙም የራሱ አይደለም፤ በሕፃንነቱ ከሞተ የቤቱ ልጅ የተወሰደ ነው። የአባት ስም አልተጨመረለትም። ሂዝክሊፍ ብቻ።

ልጁ ዱላን እንዴት እንደተማረ ደግሞ ስሙ። አቶ ኤርንሾ ለሁለቱ ወንዶች አንዳንድ ውርንጭላ ይገዙላቸዋል። የሂዝክሊፍ አነከሰ። ሂዝክሊፍ ወደ ሂንድሊ ሄዶ እንለዋወጥ ይለዋል፤ እምቢ ካልክ በዚህ ሳምንት የመታኸኝን ሦስት ጊዜ ለአባትህ እነግራለሁ፣ እጄ እስከ ትከሻዬ እንዴት እንደጠቆረም አሳያለሁ ይለዋል። ሂንድሊ የሚዛን ብረት አንሥቶ ደረቱን ይለዋል። ልጁ ወደቀ፣ ተነሣ፣ አላለቀሰም፤ ፈረሱን ወሰደ። ቁስል ዋጋ እንዳለው፣ ሊመነዘርም እንደሚችል ያን ቀን ተማረ። በመጽሐፉ ውስጥ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከዚህች ትምህርት ይወጣል ብል አላጋነንኩም።

ሽማግሌው በ1777 ሲሞቱ ሂንድሊ የቤቱ ጌታ ሆነ። ሂዝክሊፍን ከማዕድ አስነሥቶ ከአገልጋዮች ጋር ቀላቀለው፣ ትምህርቱን አስተወው፣ በእርሻ አሠራው። ያስገርፈዋል፤ ካትሪንንም ከእሱ ጋር ስትውል ምግብ ይከለክላታል። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ፍቅር የበረታው በዚህ ጊዜ ነው። ረሀቡንና ቅጣቱን አብረው ቀምሰው፣ አብረው ወደ ሜዳው ይጠፋሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ከመጨረሻው ግንኙነታቸው በቀር በሁለቱ መካከል የወንድና የሴት መተቃቀፍ ይህ ነው የሚባል የለም። ስሜቱ ሌላ ነው፤ ከምግብና ከእንቅልፍ የቀደመ መጠጋጋት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሲቆረጥ ሁለቱንም ያሳበዳቸው።

እንዴት ተቆረጠ? በሸለቆው ውስጥ ባለው ትረሽክሮስ ግሬንጅ በሚባለው ያማረ ቤት የሚኖሩ ሊንተን የሚባሉ ባለጸጎች አሉ። ልጃቸው ኤድጋር ካትሪንን ወደዳት። የጋብቻ ጥያቄ ባቀረበበት ቀን የሆነውን ኔሊ ትነግረናለች። ካትሪን ኔሊን ቆነጠጠቻት፣ ከዚያም በጥፊ መታቻት፤ የሂንድሊን ሕፃን ልጅ ሄርተንን ይዛ ወዘወዘችው፤ ሊያስጥል የመጣውን ኤድጋርንም ጆሮ ግንዱን አለችው። ኤድጋር ደንግጦ ሊሄድ ተነሣ፤ ደጅ ደርሶ ተመለሰ። ሲመሽ ተጫጭተው ነበር። ሴትየዋም በዚህ ቤት ያደገች ናት፤ ያየችውን ታደርጋለች።

በዚያው ምሽት ካትሪን ኔሊን በወጥ ቤት አግኝታ ምስጢሯን ታወጣለች። ኤድጋርን እሺ ብያለሁ፣ ትክክል ነኝ ወይ ትላለች። ልቧ እንዳልተቀበለው ትናዘዛለች። ወንድሟ ሂዝክሊፍን ያን ያህል ባያዋርደው ኖሮ ኤድጋርን የማግባት ሐሳብ እንኳ አይመጣባትም ነበር፤ አሁን ግን ሂዝክሊፍን ማግባት እሷንም ዝቅ ያደርጋታል። ከጀርባቸው በጨለማው አግዳሚ ወንበር ላይ ሂዝክሊፍ ተቀምጦ ይሰማል። ይህን ቃል እንደሰማ ተነሥቶ ወጣ። ቀጥሎ ያለችውን አልሰማም፤ የነፍሷና የነፍሱ ሥሪት አንድ መሆኑን፣ ከእሱ መለየት ከራሷ መለየት መሆኑን፣ የኤድጋርንም ሀብት ተጠቅማ ከወንድሟ እጅ ልታወጣው ማሰቧን። ኔሊ ሲወጣ አይታዋለች። ዝም አለች። ካትሪን ሁሉንም ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቀች። ስለዚህ ትዕይንት ሳስብ ሁሌም የምቆመው ከኔሊ ዝምታ ላይ ነው። አንድ ቃል ብትናገር የሁለት ቤተሰብ ዕጣ ይለወጥ ነበር። ታሪኩን በሙሉ የምንሰማው ደግሞ ከእሷ አንደበት ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሂዝክሊፍ ሦስት ዓመት ጠፍቶ በ1783 ገንዘብ ይዞ፣ ልብሱ አምሮ ተመለሰ። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው አይነገረንም። ከዚህ በኋላ የሚዋጋው በጡንቻ ብቻ አይደለም፤ በካርታ ጨዋታ፣ በዕዳና በሕግም ይዋጋል። ሰካራሙን ሂንድሊን በቁማር ያስይዘዋል፤ ቤቱንና መሬቱን በመያዣ ይወስዳል። የኤድጋርን እኅት ኢዛቤላን ደግሞ አስኮብልሎ ያገባታል። ሲኮበልሉ ትንሿን ውሻዋን በመሀረብ አንጠልጥሎ ሄደ፤ እሷም አይታዋለች። ያን ሁሉ አይታ ተከተለችው።

እዚህ ላይ ኤሚሊ ለአንባቢዎቿ ግልጽ መልእክት አስቀምጣለች። ሂዝክሊፍ ሚስቱ በተቀመጠችበት ለኔሊ ሲናገር፣ ይህች ሴት ከልብ ወለድ እንደወጣ ጀግና አድርጋ አየችኝ፣ ፍቅር እንደማይሰጣት ግን ከመጀመሪያው አሳይቻታለሁ ይላል። ሂዝክሊፍን እንደ ፍቅር ጀግና የምታየዋ አንባቢ በመጽሐፉ ውስጥ አስቀድማ ተጽፋለች፤ ስሟ ኢዛቤላ ነው፤ የደረሰባትም ተጽፏል። ቆይቶ የማዕድ ቢላዋ ወርውሮ ጆሮዋ ሥር አቆሰላት። በዚያን ቀን በበረዶ ውስጥ ሮጣ አመለጠች።

ሂዝክሊፍ በዚያው ንግግሩ፣ መለያየት የሚያስጠይቅ ምክንያት እንዳታገኝ ከሕግ ወሰን አልወጣሁም ብሎም ይመካል። ውድ አድማጮች፣ ይህ ፉከራ ባዶ አልነበረም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ንብረት የባሏ ነበር። ይህ መለወጥ የጀመረው በ1870 በወጣው ያገቡ ሴቶች የንብረት ሕግ ነው፤ የተሟላውም በ1882። ልጅም የአባት ነበር። እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ ፍርድ ቤትን እንድትጠይቅ የተፈቀደላት በ1839 ነው። ኤሚሊ መጽሐፉን ስትጽፍ ይህኛው ሕግ አዲስ ነበር፤ ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜ ግን ከዚያ በፊት ነው። ኢዛቤላ በሽሽት ላይ የወለደችውን ልጅ፣ ሊንተንን፣ እስክትሞት አሳደገችው። እሷ እንደሞተች ሂዝክሊፍ ልጄን አምጡ አለ፤ ኤድጋርም የሚከራከርበት ሕግ አልነበረውም። ቻርልስ ፐርሲ ሳንገር የተባለ የሕግ ባለሙያ በ1926 ባሳተመው ጥናት የልብ ወለዱን ዓመታትና የርስት ሕግ መርምሮ ኤሚሊ በጥንቃቄ ያሰላችው መሆኑን አሳይቷል። ይህች በስሜት ብቻ ጻፈች የተባለች ሴት ስለ ውርስና ስለ መያዣ የምትጽፈውን ታውቅ ነበር።

የካትሪን ሞት በማርች 1784 ነው። ባሏና ሂዝክሊፍ ከተጣሉ በኋላ እህል አልቀምስም ብላ፣ አእምሮዋም ታውኮ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ታመመች። ስለ መጨረሻው ግንኙነታቸው ሰው ሁሉ የሚያወራው ሐዘኑን ነው፤ ኔሊ ግን ያየችውን በዝርዝር ትናገራለች። ካትሪን ፀጉሩን ጨምድዳ ይዛ ስትለቀው ነጭታ ያስቀረችው በጣቶቿ መካከል ነበር። እሱ ክንዷን ሲለቅ አራት የጣት ምልክት በገረጣው ቆዳዋ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። በፍቅር ይሰናበታሉ፣ በዚያውም ይወነጃጀላሉ፤ ማን ማንን ገደለ እየተባባሉ። ከዚህ የበለጠ ጥልቅ ስሜት የተጻፈበት ገጽ ብዙ አላነበብኩም። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ቁስሉም እውነተኛ ነው። ኤሚሊ አንዱን በሌላው አትሸፍንም። ካትሪን በዚያው ሌሊት ሴት ልጅ ወልዳ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞተች። ሂዝክሊፍ ራሱን ከዛፍ ግንድ ጋር አጋጨ፤ በተቀበረችበት ሌሊት መቃብሯን ቆፈረ፤ ከዓመታት በኋላም የሬሳ ሣጥኗን አስከፍቶ ፊቷን አየ።

ከዚህ በኋላ ዱላው ወደ ልጆች ይዞራል። ሂንድሊ ሲሞት ትንሹ ሄርተን በሂዝክሊፍ እጅ ወደቀ። ሂዝክሊፍ በእሱ ላይ የተደረገውን በልጁ ላይ እንደሚደግም በግልጽ ይናገራል። ሄርተን በገዛ አባቱ ቤት ደመወዝ የሌለው አገልጋይ ሆነ፤ ፊደል አልቆጠረም፤ በቤቱ በር ላይ የተቀረጸውን የራሱን የዘር ስም ማንበብ አይችልም። የካትሪንን ልጅ፣ ካቲን፣ ደግሞ ሂዝክሊፍ አባብሎ ወደ ቤቱ አስገብቶ ቆለፈባት። አባቷ ኤድጋር ሊሞት እያጣጣረ ነው። ቁልፉን ልትነጥቀው ስትታገል በሁለት ጉንጯ ጥፊ አወረደባት። በሞት አፋፍ ላይ ላለው ለልጁ ለሊንተን ድሯት እንጂ አልለቀቃትም። የኛ አድማጭ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጠለፋ ነው። ዓላማው ርስት ነበር፤ ካቲ የሊንተን ሚስት ስትሆን ያላት ሁሉ ወደ ሊንተን፣ ከሊንተን ወደ አባቱ አለፈ።

ታዲያ ይህ ውርስ በምን ይቆማል? ኤሚሊ ቀላል መልስ አልሰጠችም። መበለት የሆነችው ካቲ በዚያ ቤት ውስጥ ከሄርተን ጋር ትቀመጣለች፤ እሷም ጨካኝ ናት። ማንበብ አለመቻሉን ትሳለቅበታለች። በስርቆት ፊደል ሊቆጥር ሲሞክር ትስቅበታለች። እሱ አንድ ቀን አፏን በእጁ መታት፤ የሰበሰባቸውን መጻሕፍትም እሳት ውስጥ ጣለ። ታሪኩ ዳግመኛ ወደዚያው ሊሄድ ነበር። ከዚያ ካቲ ከመሳለቋ ተመለሰች። መጽሐፍ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ፣ ስሙን ጽፋ፣ በኔሊ እጅ ላከችለት፤ ከተቀበለኝ ማንበብ አስተምረዋለሁ፣ እንቢ ካለም ከእንግዲህ አላስቸግረውም አለች። ሂንድሊ ለሂዝክሊፍ የከለከለውን፣ ሂዝክሊፍ ለሄርተን የከለከለውን ትምህርት እሷ ሰጠችው። ሎክውድ በሴፕቴምበር 1802 ሲመለስ ሁለቱን በመስኮት በኩል ሲማማሩ ያያቸዋል። ሂዝክሊፍም የሁለቱን ፊት አይቶ፣ ሁለቱም የካትሪንን ዓይን ይዘዋልና፣ ሊበቀል የነበረው ክንዱ ዛለ። ምግብ ተወ፤ ሞተ። ያለቀሰለት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ከሁሉ አብዝቶ የበደለው ሄርተን ነው።

ይህን ክፍል ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ዊልያም ዋይለር በ1939 የሠራው፣ ላውረንስ ኦሊቪየር የተጫወተበት ዝነኛ ፊልም ልጆቹን ሙሉ በሙሉ አውጥቷቸዋል። ሄርተንና ካቲ ሲወጡ የሚቀረው የሚያምር ሐዘን ነው፤ ሂዝክሊፍም ተበዳይ ብቻ ይሆናል። ሻርሎት ብሮንቴ እንኳ በ1850 እኅቷ ከሞተች በኋላ ለወጣው እትም መግቢያ ስትጽፍ፣ እንደ ሂዝክሊፍ ያለ ሰው መፍጠር ተገቢ መሆኑን ተጠራጥራለች። እኅቷን ከሐሜት ለመጠበቅ ማሰቧ ይገባኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላይም።

መጽሐፉን ለማንበብ ለምታስቡ አንድ ሁለት ምክር ልስጥ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ሰው ያደናግራሉ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይነገር ሁሉም ይጣላል። ወረቀት ይዛችሁ የሁለቱን ቤተሰብ የዘር ሐረግ እየሣላችሁ ሂዱ፤ እናትና ልጅ አንድ ስም ስላላቸው በተለይ ይጠቅማችኋል። ካትሪን የምትሞተው በ16ኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ መጽሐፉ 34 ምዕራፎች አሉት። እዚያ ላይ አታቁሙ። ካቲ መጽሐፉን በወረቀት የምትጠቀልለው በ32ኛው ነው።